መክረሚያ ፍለጋ፤ ከንጉሥ ድንኳን እስከ ናይሮቢ ሐዲድ

ከናይሮቢ መሀል ከተማ ወደ ደቡብ ምዕራብ ሲሄዱ፣ በካረንና በላንጋታ ወገን ዛፍ የበዛባቸው የመንገደኞች መስፈሪያ ግቢዎች ይገኛሉ። በእነዚህ ግቢዎች ውስጥ አልጋውን፣ ምድጃውንና የውኃ በርሜሉን ይዞ ከአውሮፓ ወይም ከደቡብ አፍሪካ የመጣ መኪና፣ አንዳንዴም ካራቫን የሚባለው ተጎታች ቤት ቆሞ ይታያል። ባለቤቶቹ ሁሉ ለጥቂት ሌሊት ብቻ የሚያርፉ አይደሉም። ቤታቸውን በዛፍ ጥላ ሥር አቁመው፣ ለግቢው ባለቤት ኪራይ ከፍለው፣ በአውሮፕላን ወደ አገራቸው የሚሄዱና ከወራት በኋላ ተመልሰው ጉዞአቸውን የሚቀጥሉ አሉ። ለብዙ ዓመታት በዚህ ሥራ የታወቀው ጀንግል ጃንክሽን የተባለው መስፈሪያ ራሱ ቀድሞ በላቪንግተን ነበረ፤ በኋላ ጓዙን ጠቅልሎ ወደ ካረን ወገን ተዛውሯል። ተጎታች ቤት የገዛ ቤተሰብ ጣሪያና ግድግዳ አለው፤ ዓመቱን ሙሉ የሚያቆምበት ቦታ ግን ሌላ ጥያቄ ነው። በዝናብ ጊዜ መሬቱ ጎማ ይውጣል ወይስ አይውጥም? ውኃ ቅርብ ነው ወይ? ከሁሉ በላይ ደግሞ ባለመሬቱ ነገ ተነሡ ቢል ምን ይደረጋል?

ጥያቄው ለፈረንጅ መንገደኛ አዲስ ይሆን ይሆናል፤ ለእኛ ታሪክ ግን አዲስ አይደለም። ጎንደር ከመቆርቆሯ በፊት በነበሩት ብዙ ዘመናት የኢትዮጵያ ነገሥታት ዋና መኖሪያ ድንኳን ነበር። መንግሥቱ ከነግምጃ ቤቱ፣ ከነችሎቱ፣ ከነታቦቱ በበቅሎ ጀርባ ይጓዝ ነበር። ቋንቋችንም እስከ ዛሬ ይህንኑ ይመሰክራል። ዛሬ ታላቅ የሕዝብ መኖሪያ የምንለው «ከተማ» በዜና መዋዕሎቹ ውስጥ የንጉሡ የድንኳን ሰፈር ነው። «ሰፈር» የምንለውም የከተማ ክፍል ያው ሠራዊት የሚያርፍበት ቦታ ነው። «ከረመ» የሚለው ግስ ደግሞ ክረምትን በአንድ ቦታ ማሳለፍ ማለት ሲሆን፣ ረዘም ላለ ጊዜ ተለያይተው የቆዩ ሰዎች ሲገናኙ «እንደምን ከረማችሁ» የሚባባሉት በዚሁ ምክንያት ነው። በበጋ ሁሉም ተጓዥ ነው፤ የሚጠየቀው ክረምቱን የት እንዳሳለፈ ነው። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባብያን እንዲያስተውሉልን እንጠይቃለን።

ይህን ተጓዥ ከተማ በዓይናቸው አይተው በሰፊው ከጻፉት ሰዎች መካከል ቀዳሚው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ነው። አልቫሬዝ ከ1520 እስከ 1526 ከፖርቱጋል መልእክተኞች ጋር በዐፄ ልብነ ድንግል ግቢ የኖረ ሲሆን፣ መጽሐፉ በ1540 በሊዝበን ታትሟል። እርሱ እንደሚተርከው፣ ከተማው ሲተከል በጥቂቱ አምስት ወይም ስድስት ሺ ድንኳን ይቆማል፤ የበቅሎው ብዛትም ከ50 ሺ አያንስም። ቁጥሩን የሚጠራጠር ይኖራል። እኔን ይበልጥ የሚያስደንቀኝ ግን ብዛቱ ሳይሆን ሥርዓቱ ነው። የንጉሡ ድንኳን ከሁሉ ከፍ ባለ ስፍራ በመጋረጃ ታጥሮ ይተከላል። ከዚያ በኋላ ማንም ማንንም አይጠይቅም። የቀኙ ቢትወደድ በቀኝ፣ የግራው ቢትወደድ በግራ፣ የቤተ ክርስቲያኑ ድንኳኖች፣ ማድቤቱ፣ የፍርዱ ድንኳን፣ ገበያው፣ እያንዳንዱ በለመደው አንጻርና ርቀት ይሰፍራል። ትናንት ጎረቤትህ የነበረ ሰው ከሦስት ቀን ጉዞ በኋላ በማታውቀው ሜዳ ላይም ጎረቤትህ ነው። መሬቱ ይለወጣል፤ ሰፈሩ አይለወጥም። አንድ ባላገር ከሌላ አውራጃ ለአቤቱታ ቢመጣ እንኳ ከተማው የትም ይተከል፣ የችሎቱን ድንኳን ለማግኘት አይቸገርም ነበር ማለት ነው።

ይሁንና ይህ ሥርዓት መልስ ያልነበረው አንድ ነገር ነበር፤ እርሱም ክረምት ነው። ከሰኔ አጋማሽ እስከ መስከረም ወንዞች ይሞላሉ፣ ጥቁሩ መሬት ጭቃ ይሆናል፣ የጭነት እንስሳ አይሄድም። በበጋ ዛሬ እዚህ ነገ እዚያ እያለ የአገሩን እህል በየተራ የሚበላው ሕዝብ፣ በክረምት ሦስት ወር ሙሉ በአንድ ስፍራ ረግቶ መመገብ ነበረበት። ስለዚህ መክረሚያ ሲመረጥ የማገዶው፣ የሣሩ፣ የእህሉና የውኃው ነገር በብርቱ ይታሰብበት ነበር። የዜና መዋዕል ጸሐፊዎች የአንድን ንጉሥ ዘመን ሲቆጥሩ በየዓመቱ የት እንደከረመ መዝግበው የሚያልፉት ለጌጥ አይደለም። የመክረሚያው ስም የዚያ ዓመት የመንግሥት መቀመጫ ስም ነበር።

ከእነዚህ መክረሚያዎች መካከል ጥቂቶቹ ለመርጋት ሞክረዋል። ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በሰማይ ላይ ብርሃን ታየ በተባለበት ስፍራ ደብረ ብርሃንን ቆርቁረው ቤተ መንግሥትና ቤተ ክርስቲያን አሠሩ፤ በ1468 እስኪያርፉ ድረስም ከአሥር ዓመት በላይ በዚያው ኖሩ። ለዚያ ዘመን ይህ እንግዳ ነገር ነበር። ልጃቸው ዐፄ በእደ ማርያም ግን ወደ ድንኳኑ ተመለሱ። በ16ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻና በ17ኛው መጀመሪያ የነገሥታቱ መክረሚያ ወደ ጣና ዙሪያ እየተሰበሰበ መጣ፤ ዐፄ ሠርፀ ድንግል ጉዛራን፣ ዐፄ ሱስንዮስ ጎርጎራንና ደንቀዝን አሠሩ። በ1636 ገደማ ዐፄ ፋሲለደስ በጎንደር ሲረጉ መክረሚያው በመጨረሻ በድንጋይ ተሠራ። እንዲያም ሆኖ ተጓዡ ከተማ አልሞተም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ዐፄ ቴዎድሮስም ዐፄ ዮሐንስም የዘመናቸውን ብዙ ክፍል በሰፈር ነው ያሳለፉት።

ሮናልድ ሆርቫዝ የተባለ የመልክዓ ምድር ምሁር በ1969 ስለ ኢትዮጵያ ተንከራታች መናገሻዎች ባሳተመው ጥናት ይህን ጉዳይ በሰፊው መርምሮታል። የፖለቲካው ምክንያት ግልጽ ነው፤ መኳንንቱን በቅርብ ማየት፣ ግብሩን በቦታው መብላት፣ ዐመፅን በቶሎ መድረስ። ከዚህ ጋር ግን ሁሌም የሚነሣ አንድ ተራ ነገር አለ፤ እንጨት። በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ በየቀኑ እንጀራ ይጋግራል፣ ወጥ ይሠራል፣ ሌሊት ይሞቃል። የቅርቡ ጫካ ያልቃል፤ እንጨት ለቃሚው በየሳምንቱ ራቅ ይላል፤ አንድ ቀን ለመልቀም የሚወስደው ጊዜ ለመነሣት ከሚወስደው ይበልጣል። ያን ጊዜ ድንኳኑ ይነቀላል።

የዚህ ታሪክ የመጨረሻው ምዕራፍ አዲስ አበባ ናት። ዐፄ ምኒልክ ገና የሸዋ ንጉሥ ሳሉ ከልቼና ከአንኮበር ተነሥተው፣ በ1880ዎቹ መጀመሪያ እንጦጦ ላይ ሰፈሩ። እንጦጦ ለጦር ጥሩ ምሽግ ነው፤ ለቤተሰብ ግን ክፉ መክረሚያ ነው። ብርዱ፣ ነፋሱና መብረቁ አይቻልም፤ ስንቅና ማገዶውም ያንን ተራራ በሰውና በእንስሳ ጀርባ መውጣት አለበት። እቴጌ ጣይቱ ከተራራው በታች ፍልውኃው ዘንድ ወርደው ቤት ያሠሩትና ቦታውን አዲስ አበባ ያሉት በ1886 ነው። ምኒልክ በዚያን ጊዜ ልባቸው በሐረር ዘመቻ ላይ ነበረ። የእንጦጦ ቤተ ክርስቲያናት በተራራው ላይ ቀሩ፤ በ1889 ምኒልክ ንጉሠ ነገሥት ሆነው የተቀቡትም በእንጦጦ ማርያም ነው። ሕዝቡ ግን ቀስ በቀስ ወረደ።

ሲወርድም እንደ ከተማ ሳይሆን እንደ ሰፈር ነበር። መካከለኛው ኮረብታ ለንጉሡ፣ በዙሪያው ያሉት ኮረብታዎች ለመኳንንቱ ሆኑ፤ በየመኳንንቱ ዙሪያ ደግሞ አሽከሮቻቸውና ወታደሮቻቸው ሰፈሩ። አልቫሬዝ ያየው የድንኳን ሥርዓት ከ360 ዓመት በኋላ በጭቃና በሣር ቤት ተገልብጦ ታየ ቢባል ማጋነን አይሆንም። ራስ ተሰማ ሰፈር፣ ደጃች ውቤ ሰፈር፣ ሠራተኛ ሰፈር የሚሉት ስሞች ዛሬም ይጠራሉ፤ ድንኳኖቹ ጠፍተው ገመዱ የታሰረባቸው ካስማዎች የቀሩ ይመስላል። የአዲስ አበባ መንገዶች ለምን እንደዚያ ይጠማዘዛሉ ብሎ የሚያማርር ሰው፣ ከሰፈር ወደ ሰፈር የሚሄድ በቅሎ ቀጥታ መንገድ እንደማያሻው ቢያስብ ይጽናናል።

ከዚያ እንደ ተለመደው እንጨቱ አለቀ። ከተማው ከተቆረቆረ ገና 15 ዓመት ሳይሞላው በዙሪያው ያለው ደን ተመንጥሮ ማገዶ ከሩቅ ይመጣ ጀመር። ምኒልክም አባቶቻቸው ያደርጉት የነበረውን ለማድረግ ተነሡ። በ1900 ገደማ ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ 55 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ እንጨት በማይጠፋበት አገር፣ አዲስ ዓለም የተባለ አዲስ መናገሻ ማሠራት ጀመሩ። የቤተ መንግሥቱ ሥራ ተጀመረ፣ መንገዱም ወጣ። ይህ ሁሉ ከሆነ በኋላ ግን ከተማው አልተነሣም። በአዲስ አበባ የውጭ አገር ሌጋሲዮኖች ቤታቸውን በድንጋይ ሠርተው ነበርና መነሣቱን አልወደዱትም፤ መኳንንቱም ለቤት ብዙ አውጥተዋል። የማገዶውን ችግር ደግሞ ከአውስትራሊያ የመጣ አንድ ዛፍ ይፈታው ጀመር። ባሕር ዛፍ በ1890ዎቹ ገብቶ ሲተከል፣ በጥቂት ዓመት ውስጥ ይደርሳል፤ ሲቆርጡትም ከጉቶው ያቆጠቁጣል። ከእርሱ በፊት ከተማ ወደ እንጨት ይሄድ ነበር፤ ከእርሱ በኋላ እንጨት ወደ ከተማ መጣ። የአዲስ ዓለሙ ቤተ መንግሥት ለእመቤታችን ቤተ ክርስቲያን ሆነ። በ1907 ደግሞ የአዲስ አበባ ቦታ በግል ይዞታነት እንዲያዝ የሚፈቅድ ደንብ ወጣ። ሰፋሪው ባለ ወረቀት ሆነ።

ይህ ሁሉ ለናይሮቢ ነዋሪ ምኑ ነው የሚል አንባቢ ካለ፣ በኪሊማኒ በሜኔሊክ መንገድ ላይ ቆሞ ጥቂት ያስብ። መንገዱ በስማቸው የተጠራው ንጉሥ ከተማቸውን እናንሣ ወይስ እንተው እያሉ በሚመክሩበት በዚያው ሰሞን፣ የዚህችም ከተማ ገዥዎች ስለዚሁ ነገር ይከራከሩ ነበር።

ናይሮቢም እንደ አዲስ አበባ በድንኳን ነው የተጀመረችው። ከ1899 በፊት እዚህ የነበረው ሸምበቆና ደንገል የበቀለበት ረግረግ፣ የማሳይ ከብቶች የሚጠጡበት ወንዝና በዙሪያው የተዘረጋ የግጦሽ ሜዳ ነበር። ስሙም ከማሳይ ቋንቋ «ኤንካሬ ናይሮቢ» ከሚለው የመጣ ሲሆን ቀዝቃዛ ውኃ ማለት ነው። እንግሊዞች ከሞምባሳ ወደ ኡጋንዳ የባቡር ሐዲድ መዘርጋት የጀመሩት በ1896 ነው፤ ለሥራውም ከሕንድ 32 ሺ ያህል ሠራተኛ አስመጡ። ሐዲዱ በግንቦት 1899 መጨረሻ ከሞምባሳ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ እዚህ ደረሰ። ከዚህ በኋላ መንገዱ ወደ ኪኩዩ ደጋ ይወጣል፤ ቀጥሎም ወደ ስምጥ ሸለቆ ይወርዳል። ከዳገቱ በፊት ያለው የመጨረሻው ሰፊ ለጥ ያለ ሜዳ ይህ ነበርና፣ የሐዲዱ መሐንዲሶች ዕቃቸውን አራገፉ፣ ድንኳናቸውን ተከሉ፣ ዋና መሥሪያ ቤታቸውንም ከሞምባሳ አዛወሩ። የአውራጃው ገዥ ጆን አይንስወርዝም በዚያው ዓመት ከማቻኮስ ተከትሎ መጣ። ቦታው የተመረጠው ለባቡር እንጂ ለሰው አልነበረም። ባቡር ደልዳላ ሜዳ ይወዳል፤ ሰው ግን ውኃ የሚጠፋበት ተዳፋት ይሻለዋል።

ዝናቡ ሲመጣ ነገሩ ተገለጠ። ይህች ከተማ እንደኛ አገር አንድ ረጅም ክረምት የላትም፤ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ትልቁ ዝናብ፣ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ትንሹ ዝናብ ይወርዳል። ሐምሌና ነሐሴ፣ እኛ ክረምት የምንላቸው ወራት፣ እዚህ ደመናማና ብርዳም ናቸው እንጂ ዝናብ የላቸውም። አዲስ መጥ የሆነ ወገናችን ሰማዩን እያየ ዛሬ ይዘንባል እያለ ጃንጥላ ተሸክሞ የሚዞረው በዚህ ነው። የጣቢያው ሜዳና ከእርሱ በስተ ምሥራቅና ደቡብ ያለው አገር ጥቁር አፈር ነው፤ ሲርስ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ወደ ምዕራብና ወደ ሰሜን ያለው ከፍተኛ ስፍራ ደግሞ ውኃ የሚያሳልፍ ቀይ አፈር ነው። የአውሮፓውያኑ መኖሪያ በአብዛኛው በቀዩ ላይ ተሠራ፤ የሕንዶቹ ገበያና የአፍሪካውያኑ ማደሪያ በጥቁሩ ላይ ቀረ። ካራቫኑን የሚያቆምበት ቦታ የሚፈልግ ሰው ዛሬም በናይሮቢ መጀመሪያ የሚያየው የአፈሩን ቀለም ቢሆን አይሳሳትም።

በ1902 በሕንዶቹ ገበያ የወረርሽኝ በሽታ ገባና ገበያው በመንግሥት ትእዛዝ ተቃጠለ። በሽታው በ1904ም ተመለሰ። የጊዜው የመንግሥት ሐኪሞች ቦታው ለሰው መኖሪያ አይሆንም፣ ከተማው ወደ ከፍታው ይነሣ ብለው አሳሰቡ። ነገር ግን ጣቢያው፣ የጥገናው ሥራ ቤትና መጋዘኑ ተሠርተዋል፤ ቦታውን የገዙ ነጋዴዎችም አሉ። በ1907 ዊንስተን ቸርችል ሲጎበኝ የቦታውን አለመመቸት አይቶ፣ አሁን ግን ለመለወጥ ጊዜው አልፏል የሚል አሳብ በመጽሐፉ ጽፏል። እንግዲህ ሁለቱ ከተሞች በአንድ አሥር ዓመት ውስጥ ለመነሣት አስበው ሁለቱም ቀሩ። አንዱ እንጨት አጥቶ፣ ሌላው በውኃ ተጥለቅልቆ ነበር። ያስቀራቸው የቦታው መልካምነት አይደለም፤ አስቀድሞ የተሠራው ቤት ነው። ልዩነቱ የአዲስ አበባ ችግር መድኃኒት ማግኘቱ ነው። የናይሮቢ ጥቁር አፈር ግን እስከ ዛሬ በየሚያዝያው ጎርፉን ያመጣል።

አንድ ሰፈር ሲረጋ ግን ከዚያ በፊት ቦታውን በወቅት በወቅት ይጠቀምበት የነበረው ሰው ይነሣል። የማሳይ ሕዝብ ለመሬቱ ወረቀት አልነበረውም፤ የነበረው ልማድ ነው። በዝናብ ጊዜ ወደ ሜዳው፣ በድርቅ ጊዜ ውኃ ወደማይጠፋበት ደጋ ይሄዳል። እንግሊዞች ሲመጡ በድርቅ ወራት ሜዳውን፣ በዝናብ ወራት ደጋውን ባዶ አገኙትና የማንም አይደለም አሉ። በ1904 የማሳይ መሪዎች በሐዲዱ ዳር ያለውን የስምጥ ሸለቆ ግጦሽ ለቀው ወደ ሰሜን ላይኪፒያና ወደ ደቡቡ ክልል እንዲሄዱ የሚል ውል ፈረሙ፤ ውሉም የማሳይ ዘር እስካለ ድረስ የጸና ነው ተብሎ ነበር። ሰባት ዓመት ቆየ። በ1911 በሌላ ውል ከላይኪፒያም ተነሡ። በ1913 ጉዳዩን ለፍርድ ቤት ቢያቀርቡ፣ ፍርድ ቤቱ ውሉ በሁለት መንግሥታት መካከል እንደተደረገ ስምምነት ስለሚቆጠር እኔ ልዳኘው አልችልም ብሎ መለሳቸው። በዚሁ ዘመን በ1902 የወጣው የመሬት ሕግ ለነጭ ሰፋሪዎች የ99 ዓመት ኪራይ ይሰጥ የነበረ ሲሆን፣ የ1915ቱ ሕግ ወደ 999 ዓመት አሳደገው። ዘጠኝ መቶ ዘጠና ዘጠኝ ዓመት! ከዚህ ጽሑፍ ጊዜ ወደ ኋላ ብንቆጥረው ከይኩኖ አምላክ ዘመን በብዙ ይቀድማል።

በሁለቱ መካከል፣ ማለት በወረቀት አልባውና በ999 ዓመቱ መካከል፣ የቆሙት የኪቤራ ኑቢያውያን ናቸው። እነርሱ ከሱዳን መጥተው በእንግሊዝ ጦር ያገለገሉ ወታደሮችና ቤተሰቦቻቸው ሲሆኑ፣ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ ከናይሮቢ በስተ ደቡብ ምዕራብ በሚገኝ ጫካ ውስጥ እንዲሰፍሩ ተፈቀደላቸው። «ኪብራ» በቋንቋቸው ጫካ ማለት ነው። የተሰጣቸው የመስፈሪያ ፈቃድ እንጂ የመሬት ባለቤትነት አልነበረም። ከ4 ሺ ኤከር በላይ ሆኖ የተከለለው መሬት ቀስ በቀስ ተሸረሸረ፤ ሌሎችም በዙሪያቸው ሰፈሩ። ለአራት ትውልድ ያህል ልጅ ወልደው፣ ሙታናቸውን ቀብረው፣ መስጊድ ሠርተው ኖሩ፤ በሕግ ፊት ግን ገና እንዳልተራገፈ ጓዝ ይታዩ ነበር። በ2017 የኬንያ መንግሥት ለማኅበረሰቡ የ288 ኤከር የጋራ የባለቤትነት ወረቀት ሰጠ። መጠኑ ከመጀመሪያው ጋር ሲነጻጸር ሩቡን ሩብ ያህል እንኳ ለጥቂት ይሞላል።

የእኛም ሰዎች በዚህ አገር የሰፈሩት ቀደም ባለ ጊዜ ነው። ጣሊያን ኢትዮጵያን በወረረ ጊዜ ከደቡቡ ግንባር ወደ ኬንያ የተሻገሩ ኢትዮጵያውያን በኢሲዮሎ በተሠራ ሰፈር ተቀመጡ፤ ኋላም ወደ ታቬታ ተዛወሩ። ከእነርሱ መካከል በ1941 ከእንግሊዝ ጦር ጋር ተሰልፈው ወደ አገራቸው የተመለሱ አሉ። ይህ ሰፈር በእውነት መክረሚያ ነበር፤ ክረምቱ አለፈ፣ ሰው ወደ ቤቱ ሄደ። በ1991 የመጣው ስደት ግን እንደዚያ አልሆነም። በሞያሌ መንገድ ዋልዳ በተባለ ስፍራ የተሠራው የኢትዮጵያውያን መጠለያ በ1993 ተዘግቶ ሰዎቹ ወደ ካኩማ ተወሰዱ፤ ሌሎች ወደ ናይሮቢ ወርደው በኢስትሌይና በሌሎች ሰፈሮች ኑሮ ጀመሩ። በታኅሣሥ 2012 መንግሥት በከተማ ያሉ ስደተኞች ሁሉ ወደ መጠለያ ይሂዱ ብሎ ባዘዘ ጊዜ፣ ብዙ ቤተሰብ ከ20 ዓመት በላይ የኖረበትን ቤት በአንድ ሌሊት እንደ ድንኳን ማየት ጀመረ። በሐምሌ 2013 የናይሮቢው ከፍተኛ ፍርድ ቤት ትእዛዙን ሻረው። በመጋቢት 2014 ግን ተመሳሳይ ትእዛዝ እንደገና ወጣ።

ገንዘብ ያለው እንግዳ መሬት ሊይዝ ይችላል፤ ግን በልክ ነው። የ2010 የኬንያ ሕገ መንግሥት በ65ኛው አንቀጽ ዜጋ ያልሆነ ሰው መሬት የሚይዘው በኪራይ ብቻ፣ ያውም ከ99 ዓመት ላልበለጠ ጊዜ እንደሆነ ይደነግጋል። የዱሮው የ999 ዓመት ውል በውጭ ዜጋ እጅ ከሆነ ወደ 99 ይወርዳል። እኔ በበኩሌ ፍትሐዊ ነው እላለሁ፤ ከ99 ዓመት በላይ የሚከርም ሰው የለም።

ከእነዚህ ሁሉ ሰፈሮች መካከል አሁን ወደ ከተማነት እየተለወጠ ያለው ካኩማ ነው። መጠለያው የተከፈተው በ1992 ለደቡብ ሱዳን ልጆች ነበር። በጊዜያዊነት የታሰበው ሰፈር ገበያ፣ ትምህርት ቤትና የጀነሬተር መብራት የሚሸጡ ባለሱቆች አበቀለ። የኢትዮጵያውያኑ ምግብ ቤቶችና ጅምላ መደብሮች በዚያ የታወቁ ናቸው። የዓለም የፋይናንስ ኮርፖሬሽን በ2018 ስለ ካኩማ ባሳተመው ጥናት መጠለያውን እንደ ገበያ ቆጥሮ ነው የመረመረው። በ2023 ካኩማ የማዘጋጃ ቤት ማዕረግ አገኘች፤ በመጋቢት 2025 ደግሞ መንግሥት ሺሪካ የተባለውን፣ መጠለያዎቹን ስደተኛና ነባር ሕዝብ አብረው ወደሚኖሩባቸው ከተሞች ለመለወጥ የታሰበውን ዕቅድ ይፋ አደረገ።

መሬቱ ግን የቱርካና አርብቶ አደሮች የወቅት ግጦሽ ነው። በመካከሉም ታራች የሚባለው ወንዝ ያልፋል፤ ዓመቱን በአብዛኛው ደረቅ አሸዋ ሆኖ ይቆይና ዝናብ በጣለ ጊዜ ቤት ይዞ ይሄዳል። ማገዶውም እንደ ዱሮው ነው። ስደተኛው ከመጠለያው ወጥቶ እንጨት እንዲለቅም አይፈቀድለትም፤ ለቅሞ የሚሸጥለት ቱርካናው ነው፤ የረድኤት ድርጅቱም በየጊዜው የተወሰነ እስር ያድላል። ከተቃጠለው የግራር ጫካ ፋንታ በ1980ዎቹ ለማገዶና ለበረሃ መከላከያ ተብሎ የተተከለው፣ ኬንያውያን «ማቴንጌ» የሚሉት ባለ እሾህ ዛፍ በወንዙ ዳር ተስፋፍቷል። ፍሬው የፍየሎችን ጥርስ ያበላሻል፣ እሾሁ የመኪና ጎማ ይበሳል፤ ሲቆርጡት ግን እንደ ባሕር ዛፍ ከጉቶው ያቆጠቁጣል፤ የከሰሉ ማዳበሪያም በየመንገዱ ዳር ተደርድሮ ይሸጣል።